የማር ዲስኬት

ዲስኬቱ ከማንጎ ክምር ሥር ወጥቶ የቀነኒ ዘንቢል ውስጥ ገባ።

«በዚህ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ይሠራል?» አለች ቀነኒ፣ ማንጎ የምትመርጥ መስላ።

«በእኔ እጅ ያልተነሣ አለ?»

ሩሐማ ፈገግ ብላ በአሶሳ ገበያተኛ መካከል ተሰወረች።

ሁለቱም በአዲሱ ክልል ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ መስለው የሚሠሩ የመንግሥት ሰላዮች ነበሩ። የቀነኒ የምስጢር ስም «ቀርከሃ»፣ የሩሐማ «ማር»። የስሙ ጣፋጭነት እንኳ ቀነኒን ያንገበግባት ነበር።

መረጃ አቀባያቸው ኦመር በሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ አጠገብ ተደብቋል። መሣሪያ አሻጋሪዎች ሊገድሉት ይፈልጉታል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሲያሳውቅ መኪና ይላክለታል። የሚያሳውቀውም የሬዲዮ መልእክት የሚቀበል ካርድ በተገጠመለት፣ ቢሮው ውስጥ ባለ አንድ እንግዳ ኮምፒውተር በኩል ነው። ችግሩ ከርነሉ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የሊኑክስ ፕሮግራም አስኳል፣ ሲነሣ የማሽኑን ክፍሎች ሁሉ ይነካካል፤ ያን ካርድ ሲነካ ድርቅ ይላል። ቀነኒ ደጋግማ ሞክራ አቅቷታል።

በማር ዲስኬት ወዲያው ተነሣ።

አለቃቸው ጋሽ ለገሰ አጨበጨቡ። «ቀነኒ፣ ከሩሐማ ተማሪ እንጂ!»

ቀነኒ ቅናቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ማሽኑ ዞረች። ስክሪኑ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ብቅ አለ፦ «ቀርከሃ፣ ኦመር ነኝ። መንገዱ ሰላም ነው። መኪናውን ላኪልኝ።»

ጋሽ ለገሰ ስልኩን አነሡ።

ቀነኒ እንከን ፍለጋ ቃል በቃል አነበበች።

ላኪልኝ።

«ስልኩን ያስቀምጡት፣ ጋሽ!»

«ምን ሆነሻል?»

«ኦመር የበርታ ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ገበያ ላይ ነው፤ አነጋገሩ ሴትና ወንድ አይለይም። አንድም ቀን ‹አንቺ› ብሎኝ አያውቅም።»

በሩ ላይ የቆመችው ሩሐማ ሳቀች። «ቀንተሽብኝ ነው።»

«አዎ። ባልቀና ኖሮ እንዲህ አላነበውም ነበር።»

ዲስኬቱን ስትፈትሽ ገባት፦ የማር ከርነል የተነሣው ካርዱን ጨርሶ ስላልነካ ነበር። መልእክቱም ሩሐማ ዲስኬቱ ላይ አስቀድማ የጻፈችው እንጂ ከሬዲዮው የመጣ አልነበረም።

ቀነኒ የራሷን ዲስኬት ከተተች። በመነሻው መስመር ላይ የካርዱን አድራሻ ዝለል የሚል ትእዛዝ ጻፈች። ከርነሉ ዘሎ ተነሣ። ከዚያ ካርዱን ለብቻው ቀሰቀሰችው።

በሬዲዮው የኦመር መልእክት ስክሪኑ ላይ ወጣ፦

«አንተ ቀርከሃ! መኪና አትላክ! ሰው አድፍጧል፣ መኪና ተከትሎ እኔን ያገኛል!»

ቀነኒ ዞረች። በሩ ባዶ ነበር።

ሩሐማን ዘበኞች የግቢው በር ላይ ያዟት። ኦመር የቀርከሃውን ጫካ አቋርጦ በእግሩ አሶሳ ገባ። ቀነኒ ግን ተጋልጣለች፤ ማንነቷን ሩሐማ አስቀድማ ለአሻጋሪዎቹ ሰጥታ ነበር። እናቷን ሳትሰናበት ስሟን ለውጣ ፓዌ ወረደች፤ ማንም የማያውቃት ጸሐፊ ሆነች።

አንድ ቀን ሌላ እንግዳ ኮምፒውተር ከፊቷ ደረቀ። ስትደውልላቸው ጋሽ ለገሰ በስልክ ሳቁ።

«ምን ያስጨንቅሻል? ካርዱን ዝለዪው እንጂ! እኛ ዘንድ ‹የማር ዘዴ› ነው የምንለው።»

ቀነኒ የገዛ ዘዴዋ በማር ስም መጠራቱ እያንገበገባት፣ ጥርሷን ነክሳ ትእዛዙን ጻፈች።

ተነሣ።