ሦስት በርሜል፣ አንድ ጋሪ

«ድፊው እንጂ! ምን ታፈጫለሽ?» አላት የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ጸሐፊ።

ልጅቷ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ የሚመጡት እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት አምስት እሽግ ውሃ ቦይ ውስጥ ተደፍቶ፣ ባዶው ጠርሙስ ሰማያዊው የፕላስቲክ መጣያ በርሜል ውስጥ መታየት አለበት። ተማሪው የሚጥለውማ ከሙዝ ልጣጭና ከሽንት ቤት ወረቀት ጋር ተለውሶ ይከረፋል፤ ለእንግዳ አይሆንም።

«ንጹሕ ውሃ እየደፋን ነው አካባቢ የምንጠብቀው?»

«አቦ አታካብጂ! ዳይሬክተሩ ናቸው ያሉት። ይልቅ ሪፖርትሽን አጥኚ።»

ደፋችው። ውሃው ጫማዋ ላይ ተረጨ።

ሪፖርቱ «ትምህርት ቤታችን ቆሻሻውን በሦስት ለይቶ ያስወግዳል» ይላል። በርሜሎቹ እውነትም ሦስት ናቸው። ጋሪው ግን አንድ ነው። የጽዳት ሠራተኛው አባቷ ሦስቱንም እላዩ ላይ ገልብጦ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያቃጥለዋል። የላስቲኩ ጭስ ክፍል ድረስ እየገባ ተማሪዎቹን ሲያስላቸው ይውላል። ሌላ ጋሪና ማከማቻ እንዲሰጡት ሦስት ጊዜ አመልክቷል፤ የጻፈችለት እሷ ናት። መልስ የለም። በርሜል ለመቀባት ግን ማንም አልሰነፈም! አባቷ ቢሮው ተቀብሎ ማኅተም ያሳረፈባቸውን የማመልከቻ ቅጂዎች ከደረት ኪሱ አይለያቸውም። «ቃል ይካዳል፣ ማኅተም አይካድም» ይላል።

እንግዶቹ መጡ። በርሜሎቹን አይተው አጨበጨቡ። አንዷ ግን አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄ ጭስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«እሱማ የጽዳት ሠራተኛችን ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው። «መክረን መክረን ሰለቸን። ያልተማረ ሰው ምን ይደረጋል?»

አባቷ መጥረጊያውን ተደግፎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ከሥራ ቢያባርሩት ቤቱን ማን ያኖረዋል?

«በይ የኔ ልጅ፣ ሪፖርቱን አንብቢልን» አሏት ዳይሬክተሩ።

ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ግድግዳው ሄደች።

«አባዬ፣ ቅጂዎቹን ስጠኝ።»

«ተይ ልጄ፣ ይቅርብን…»

እጇን እንደዘረጋች ቆመች። አባቷ ዳይሬክተሩን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ የኪሱን ቁልፍ ፈታ።

ወረቀቶቹ ጭስ ጭስ ይሸታሉ። ልጅቷ ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከቀኑ ጀምራ ማንበብ ጀመረች።