ላላ ወይስ ጠበቅ

ራኬብ እናቷን ከቀበረች ወዲህ ስቃ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ያሳቃት ማሽን ነው።

የእናቷ የኤልፍነሽ አርባ እየቀረበ ነበርና ለንደን ውስጥ ሰቨን ሲስተርስ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ያለውን አዳራሽ ለማየት ሄደች። ከመድረኩ ሥር አንድ ወጣት በሆዱ ተኝቶ ገመድ ይጎትታል።

«የድምፅ ባለሙያው አንተ ነህ?»

«ነኝ ይላሉ። ገመዱ ግን አያከብረኝም» አላት ጸጉሩ አቧራ እንደለበሰ ብቅ ብሎ። «ማቲ እባላለሁ።»

ራኬብ ለእናቷ ግጥም ጽፋለች። ግጥም መጻፍ ማንም አላስተማራትም፤ አርችዌይ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ፣ ባስ ውስጥ እያለቀሰች ነው የጻፈችው። ችግሩ ማንበቡ ነው። ጀመር ስታደርገው ጉሮሮዋ ይዘጋል።

«ኮምፒዩተር አማርኛ ያነባል ሲሉ ሰማሁ። እሱ አያለቅስም» አለችው።

ማቲ ግጥሙን ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ሰጠው። ጥርት ያለ የሴት ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ መጨረሻው ላይም እንዲህ ሲል ዘጋ፦

«በሯም ተዘጋ፣ ስልኳም ዝም አለች፤
ስናገር ስሙኝ፣ እናቴ አለች።»

ማቲ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። «ዋው። እናትሽ ግን ኃይለኛ ነበሩ፣ አይደል?»

«እንዴት?»

«"ስናገር ስሙኝ!" አሉ እኮ።»

ራኬብ ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቁ ግን በጣቶቿ መሀል አመለጣት።

«መኖሯን ነው የጻፍኩት! "ለ" ትጠብቃለች። እኔ ስናገር እናቴ ድምፄ ውስጥ አለች ማለቴ ነው። ማሽንህ አላልቶ አነበበና ተቆጪ አደረጋት።»

«ማሽኑ ምን ያድርግ? አጻጻፉ ያው አንድ ነው።»

«አንድ ነው። ፊደላችን ላላና ጠበቅን አያሳይም። አንባቢው ማወቅ አለበት።»

«ከምን ያውቃል?»

ራኬብ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታነብ ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ቀና ስትል ማቲ መልሱን በእውነት ፈልጎ ትክ ብሎ እያያት ነው። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ዓይኑን በሚያሸሽበት ሰሞን እንዲህ ያያት አልነበረም።

«እንጃ» አለች። «ማን እንደሞተ ከማወቅ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ አዳራሹ ይወስዳት ጀመር። ማቲ ማሽኑን ለማስተካከል ያልሞከረው የለም። ፊደል ቢደርብበት «እናቴ አል… ለች» ብሎ ስቅታ እንደያዘው ሰው ተናገረ።

እሱ ለንደን ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ጨዋታው ለራሱም ትምህርት ሆነው። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ያለውን ልዩነት ስታስረዳው ግንባሩን መታ። «ለዚህ ነዋ! ልጅ ሆኜ እማዬ "ገና ነው" ስትለኝ ስጦታዬን እፈልግ ነበር።»

ሲለያዩም ሁልጊዜ ስለ እናቷ አላልቶ ይጠይቃታል፦ «ዛሬስ ምን አለች?»

«"በባዶ ሆድሽ ሰው አታናግሪ" አለች።»

«ዛሬስ?»

«"ቆንጆ ወንድ ሲስቅልሽ ቦርሳሽን ያዢ" አለች።»

ማቲ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቦርሳዋን በዓይኑ ፈለገ። ራኬብ ቦርሳዋን አልያዘችም።

በዚህ መተማመን ነው እናቷ የላከችላትን የድምፅ መልእክቶች የሰጠችው። ኳኳታውን ቀነስ አድርጎ እንዲያስቀምጥላት ብቻ ነበር የጠየቀችው።

አንድ ቀን ማቲ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ሰርፕራይዝ አለኝ» ብሎ ማሽኑን ነካው።

ከድምፅ ማጉያው ኤልፍነሽ ወጣች። ያ ሻከር ያለው ድምፅ፣ ያ ቃል ሲጨርስ ዝቅ የሚለው ለዛ። የራኬብን ግጥም ታነባለች። ሳትስል፣ ሳትደናቀፍ። «…እናቴ አለች» ብላ ጨረሰች፤ አላልታ።

ራኬብ ተነሳች።

«ማን አዘዘህ?»

«ደስ የሚልሽ መስሎኝ… ከመልእክቶቹ ድምፃቸውን ለፕሮግራሙ አስተማርኩት።»

«እሷ "እናቴ" ስትል አያቴን ነው። ይሄን ግጥም ሰምታው እንኳ አታውቅም። በሕይወቷ ያላለችውን አስባልካት፣ ማቲ!»

ማቲ ደረጃውን ስትወርድ ተከትሏት እስከ በሩ መጣ፤ ከበሩ ግን አላለፈም።

በማግስቱ መልእክት ደረሳት፦ «አጥፍቼዋለሁ። ሳልጠይቅሽ መንካት አልነበረብኝም። መልእክቶቹ እንዳሉ ናቸው። ሳላቸውንም አልነካሁም።»

አልመለሰችለትም። ባስ ላይ ተቀምጣ ግን አንዱን መልእክት ከፈተችው።

«ራኪ፣ ዝናብ… እህ፣ እህ… ዝናብ ሊመጣ ነው። ያንን፣ ማነው ስሙ፣ ቡናማውን ጃኬት ልበሺ።»

ደጋግማ ሰማችው። ትናንት ያስደነገጣት ድምፅ ከዚህ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ታዲያ ምን ጎደለው? ባሱ ክራውች ኤንድ ሲደርስ ገባት። እናቷ ስትናገር የምትፈልገው ነገር ነበረ፤ ልጇ ጃኬት እንድትለብስ። ያኛው ድምፅ ምንም አልፈለገም። ራኬብን ቢበርዳት ባይበርዳት ግዱ አልነበረም።

ማቲ ግን ፈልጎ ነበር፤ እሷን ማስደሰት ፈልጎ አበላሸ። ይህን ስታስብ ቁጣዋ ላላ።

የአርባው ዕለት አዳራሹ በጥቁር ልብስ ተሞላ። ማቲ ከድምፅ ጠረጴዛው ኋላ ሆኖ መጥታ እስክታናግረው ጠበቀ።

«ማሽኑን ላብራው?» አላት ቀስ ብሎ።

«አታብራው። ካለቀስኩም አለቀስኩ።»

መድረኩ ላይ ወጥታ አነበበች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ቆመች፤ ቀጠለች። «ስልኳም ዝም አለች» ብላ አለፈች። «ስናገር ስሙኝ፣ እናቴ…» ስትል ጉሮሮዋ ተዘጋ። ራኬብ ወረቀቱን ሳይሆን ማቲን አየችው።

ማቲ ብድግ አለ። ያለ ማይክ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፦

«አልልልለች!»

ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል የመጡት የሟች ባልንጀራ እትዬ ተናኘወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ ዞሩ። «ቀስ በል ልጄ፣ ልትበጥሳት ነው እንዴ!»

አዳራሹ እያለቀሰ ሳቀ። ራኬብም ሳቀች፤ ሳቁ ጉሮሮዋን ከፈተላት። «አለች» አለች፣ በልኩ አጥብቃ።

ሲመሽ ማቲ ባስ ፌርማታው ድረስ ሸኛት። ማካፋት ጀምሯል። ራኬብ ቡናማውን ጃኬት ለብሳለች።

«ልጠይቅሽ?» አላት። «ዛሬስ ምን አለች?»

ራኬብ የሚመጣውን ባስ አየች። ሌላ ባስ ይመጣል ብላ አሳለፈችው።

«"ጠበቅ አድርገሽ ያዢው" አለች።»

ማቲ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄኛው "አለች" ላላ ነው ጠበቅ?»

«ላላ» አለች ራኬብ፣ እጁን ጠበቅ አድርጋ ይዛ።