ጠዋት አንድ ፈረስ

«ፈረስ ድሮ ለጦርና ለመንገድ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለ የሚጡ አባት ለአክስቷ ልጅ። «ሐኪሞች ለበሽተኛ ግልቢያ ያዝዙ ነበር። ጠዋት አንድ ፈረስ፣ ማታ አንድ ፈረስ፣ ከምግብ በኋላ!»

የአክስቷ ልጅ ክራንቿን ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች። ሚጡ ግን አልሳቀችም። ቀልዱ የእሷ ነበር። የግልቢያ አሰልጣኙ አባቷ ጋጣውን አብረው ሲጠርጉ ይህን እየነገረ ያሳደገው እሷን ነው። የአክስቷ ልጅ እግሯን ታክማ ሐኪሙ «ግልቢያ ያጠነክርሻል» ካላት ወዲህ ግን ቅዳሜም፣ ዳማዋ ፈረስም፣ አባቷም የዚያች ልጅ ሆነው ቀሩ። ቅናት ነው፤ ሚጡ ታውቀዋለች። ማወቋ ግን አላበረደላትም።

«ሚጡዬ፣ ዛሬ የአክስትሽ ልጅ ማንም ሳይዛት ብቻዋን ልትጋልብ ነው። የኮርቻውን ማሰሪያ ደግመሽ አጥብቀሽዋል?» አለ አባቷ።

ዳማዋ ተንኮለኛ ናት። ኮርቻ ሲጫንባት አየር ስባ ሆዷን ትነፋለች፤ ኋላ ስትተነፍስ ማሰሪያው ይላላል። ትንፋሿን ቶሎ የሚያስለቅቃትን ዘዴ የምታውቀው ሚጡ ብቻ ናት፤ ለአባቷ እንኳ ነግራው አታውቅም።

«አዎ፣ ጠብቋል» አለች፣ ሳትነካው።

የአክስቷ ልጅ መወጣጫው ላይ ቆማ ኮርቻውን ያዘች። «ብወድቅ ትይዢኛለሽ አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ።

ሚጡ ፈጥና ልጓሙን ያዘች። «ቆይ! እንዳትወጪ!»

«ምነው?» አለ አባቷ።

«አላጠበቅኩትም፣ አባዬ። ዋሽቼህ ነው።»

ፊቷ ጋለ። ማሰሪያውን ራሷ ፈጥና አጥብቃ መገላገል ትችል ነበር። የአክስቷን ልጅ እጅ ግን ያዘችና ከፈረሷ ጋማ ሥር አስገባችው።

«እዚህ ጋ እከኪላት። በጥፍርሽ፣ አትፍሪ።»

ዳማዋ ጆሮዋን ጣል አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። ማሰሪያውም ወዲያው ረገበ።

«አሁን ሳቢው!»

«ውይ፣ ማሰሪያው ሁለት ቀዳዳ ገባ! ማን አሳየሽ ባክሽ?» አለች የአክስቷ ልጅ።

«ማንም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።» አለች ሚጡ። «በቃ፣ ጠዋት አንቺ፣ ማታ እኔ።»

«ከምግብ በኋላ!» አለች የአክስቷ ልጅ፣ ኮርቻው ላይ እየተደላደለች።

ቅናቱ አሁንም ቆንጠጥ ያደርጋታል። ሚጡ ግን ልጓሙን ለቀቀችላት።