ስትበላ አትዩዋት

ሰሊማ የሸዋሮቢት ልጅ ናት። ለሱፍዋን በታጨች ሰሞን ልብስ ሰፊዋ የኒካሕ ቀሚሷን ስትለካት «ወገብሽ ትንሽ ቢቀንስ እንዴት ያምርብሽ ነበር!» አለቻት። ሰሊማ ከዚያ ወዲያ ከገበታ ትሸሽ፣ ከቤት ሰው ተደብቃ ትሮጥ ጀመር። ቀሚሱ ሰፋት፤ እሷ ግን ማቆም አቃታት። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ማሾ እርሻ ዳር ወድቃ ተገኘች።

ደብረ ብርሃን ተወስዳ ያያት ሐኪም ነገሩ ሕመም እንጂ አመል አለመሆኑን ለቤተሰቡ አስረዳ። ሩጫውን ትታ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ እንድትበላ፣ ስትበረታም ከሰው ጋር እንድትራመድ መከራት። እናቷ መሊካ ግን ፈሩ። ጫማዋን ደበቁ፣ በሩን ቆለፉ፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጠውም እያንዳንዷን ጉርሻ ይጠብቁ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን በጎረሰች ቁጥር ውስጧ ሆኖ የሚሰድባት ድምፅ ነበር። ለሱ በር የለው፣ ቁልፍ የለው።

ሱፍዋን ከሚኖርበት ከጀውሃ እየተመላለሰ መሊካን ለመናቸው።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ፈቅዷል። ከሒክማ ጋር ሆነን ወንዝ ድረስ እናራምዳት።»

እንደምንም ፈቀዱ። ፀሐይዋ ስትበርድ ሦስቱ ወደ ሮቢ ወንዝ ይወርዳሉ፤ እህቷ ሒክማ ሆን ብላ ወደኋላ ትቀራለች። ሰሊማ ሳታውቀው ስትፈጥን ሱፍዋን ቀጥ ይላል።

«ደከመህ?»

«ኧረ አልደከመኝም። ማን አባረረን ብዬ ነው።»

አንድ ቀን ፓፓያ ቆርጦ ሰጣት።

«እያየኸኝ መዋጥ ያቅተኛል» አለችው።

ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ስለ ሽንኩርት ማሳው ማውራት ያዘ። ፊቱን ሲመልስ ግማሹን በልታለች።

ብዙ ሳይቆይ የሱፍዋን እናት ኑርሃን «ሰውነቷ ሳይመለስ ኒካሕ የለም» ማለታቸው ተሰማ። ሰሊማ እንደገና ሳህኗን ገፋች።

«ተወኝ፣ ሱፍዋን። ያኔ ቀንሺ፣ አሁን ደግሞ ጨምሪ። በሰው ዓይን ታስሬ ልሙት?»

«እኔ ልለካሽ አልመጣሁም» አለ። «ብትድኚም፣ ብትዘገዪም ካንቺ ጋር ነኝ። ሕክምናሽን ብቻ እንዳትተዪ።»

ለእናቱም ይህንኑ ነገራቸው። አኮረፉ፤ ኋላ ግን ተሸነፉለት።

ኒካሑ በመሊካ ቤት ጥቂት ሰው ባለበት ታሰረ። ለሙሽራዋ ምግብ ሲቀርብ ቤቱ ጸጥ አለና ሁሉም እሷን አያት። ሱፍዋን ሊናገርላት ሲል ቀደመችው።

«እባካችሁ ተጫወቱ። ስበላ አትዩኝ።»

ኑርሃን ክው አሉ። ከዚያ ወደ መሊካ ዞር ብለው «በናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው?» ሲሉ ጨዋታው ሞቀ።

ሰሊማ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። የውስጧ ድምፅ አልተዋትም፤ ስድቡን እየሰማች እስኪበቃት በላች።

ኑርሃን የጠቀለሉትን ጉርሻ ሲዘረጉላት ቀና አለች።

«በቅቶኛል፣ እማማ።»

ኑርሃን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወዲያው ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት።