የቀዘቀዘው ጎጆ

«እማ፣ እግዚአብሔር ለድንቡሼ ብቻ ነው እንዴ እንቁላል የሚሰጠው?»

ይህን የጠየቀችው ዐሥር ዓመት የሞላት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ሁሉም «እሜቴ» ይሏታል፤ ገና በእግሯ ሳትቆም ማዘዝ ስለጀመረች ነው። የሚኖሩት ከአንድ አናጢ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ድንቡሼ ደግሞ የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ጉንጮቹን ያየ ሰው ይህን ስም ለምን እንዳወጡለት አይጠይቅም።

እናቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሳቋን አፈነች። «እንቁላሉን የጣለችው ወፏ ናት፤ ክስሽ እግዚአብሔር ላይ ነው እንዴ?»

እሜቴ ግን ሳቅ አልመጣላትም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ታች ያለው አናጢ በሱቁ መስኮት ላይ ፊንች የሚባሉ ትንንሽ ወፎች ያረባል። አንዷ ብትመዘን አውራ ጣት አታክልም። ላባቸው ቡናማና ነጭ ነው፤ ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። አንድ ቀን ለሁለቱ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሰጣቸው። ለየጥንዱም የሽቦ ቤት ሠራ፤ በየሽቦ ቤቱ ውስጥም ክብ ቀዳዳና ክዳን ያላት የእንጨት ጎጆ አስቀመጠ።

«ጥሬያቸውንና ውሃቸውን አታጓድሉ» አላቸው። «የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ስጧቸው። እንቁላል የጣሉ ቀን ግን እጃችሁን ሰብስቡ! ክዳን መክፈት የለም፤ ማንኳኳት የለም። ወፍ ከደነገጠች እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች።»

«እሺ ጋሼ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እሜቴ ጎበዝ ነበረች፤ ይህን ልንክዳት አይገባም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ትቀይራለች። ከሥር የተነጠፈውን ወረቀት ታነሳለች። ገለባውን እፍ ብላ ከጥሬው ትለያለች። ድንቡሼ ግን ድንቡሼ ነው። ይረሳል። ብስኩት በያዘበት እጁ የወፎቹን ዕቃ ይነካካል። አንዳንዴ ውሃውን የምትሞላለት እሷው ናት። ታዲያ የማን ወፎች እንቁላል ጣሉ? የድንቡሼ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ሌላ ወሬ ጠፋ። አክስታቸው መጥታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ድንቡሼ ወፎች ሄደች። ከዚያ ዞር ብላ የእሜቴን አየቻቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይዘፍናሉ።

«ያንቺዎቹ ሥራ ፈቶች ናቸው መሰለኝ፤ ዘፈን ብቻ!» አለች።

እሜቴም ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ? አንጀቷ ግን አርሯል።

ልጆች፣ ቅናት እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? በር አያንኳኳም። እንደ ነቀዝ ከእህሉ ጋር ይገባና ውስጥ ውስጡን ይበላል። ራት ሲቀርብ የድንቡሼ ሳህን ከእሷ ሳህን የሞላ መሰላት። የእናቷ እጅ በእሱ ራስ ላይ የቆየ መሰላት። ለጸሎት ሲቆሙ እንኳ ዓይኗ ሾልኮ ወደ ድንቡሼ ወፎች ጎጆ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀድማ ገባች። እናቷ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ድንቡሼ ታች አናጢው ጋ የእንጨት ፍቅፋቂ ይለቅማል። እሜቴ በወንድሟ የሽቦ ቤት ፊት ቆመች።

«ላያቸው ብቻ ነው» አለች ለራሷ። ክዳኗን ቀስ ብላ ከፈተች። ሁለቱም ወፎች ዓይናቸውን አፈጠጡባት እንጂ ከእንቁላሎቻቸው አልተነሱም።

ምነው እዚያ ላይ እጇን በያዝንላት! እሷ ግን ክዳኗን ዘጋችና እርሳሷን አወጣች። ጎጆዋን ኳ አደረገቻት። ደግሞ ኳ! ኳ!

ወፎቹ ፍርር ብለው ወጡ። ከሽቦው ጋር ተላተሙ። ጥግ ላይ ተጣብቀው ቆሙ። እሜቴ ጠበቀች፤ ጠበቀች። አልተመለሱም።

«ይበላችሁ» ልትል ነበር። ግን እርሳሷን ከኋላዋ ደበቀች።

ድንቡሼ ኪሱን ፍቅፋቂ ሞልቶ መጣ። «እሜቴ! ወፎቼ ለምን ወጡ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ድንቡሼ ወፎቹን አየ። ጎጆዋን አየ። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ ነኝ። ጠዋት የውሃው ጣሳ ከእጄ አምልጦ ጓ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያስደነገጥኳቸው።» እዚያው ተንበረከከ። «አምላኬ፣ ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በለኝ። እንቁላሎቹን አትቆጣቸው።»

ሳላውቅ። ይህች ቃል እሜቴን እንደ መርፌ ወጋቻት። እሷ እያወቀች ነበር እኮ።

ድንቡሼ እንባውን በእጅጌው ጠረገና የሽቦ ቤቱን አቅፎ አመጣላት። «አንቺ ውሰጃቸው። እኔ አልችልበትም። አንቺ ውሃ አትረሺም፤ ጣሳ አትጥዪም። ካንቺ ጋር ይሻላቸዋል።»

ይኸው፣ የተመኘችው እጇ ገባ! ደስታውስ? የሽቦ ቤቱ እንደ ድንጋይ ከበዳት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም፤ እንቁላሎቹ ግን እየቀዘቀዙ ነው፤ በውስጣቸው ያሉት ጫጩቶች ይሞታሉ። ብትናገር ምናልባት የሚደረግ ነገር ይኖራል፤ ወንድሟ ግን ከእንግዲህ እንዴት ያምናታል?

በሩ ተከፍቶ እናታቸው ገባች።

«እኔ ነኝ!» አለች እሜቴ፣ ሳትጠየቅ። «ድንቡሼ አይደለም። እኔ ነኝ በእርሳስ ያንኳኳሁት። ቀንቼ ነው፣ እማ። ቀንቼ ነው!»

እናትየዋ አልጮኸችም። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በልቧ ያለችውን የሰማት አምላክ ያውቃል። ከዚያ «ለቁጣው ኋላ እንደርሳለን» አለች። «አሁን ሩጪና ጋሼን ጥሪ!»

አናጢው ሰጋቱራው ከእጁ ሳይራገፍ መጣ። እሜቴ ያደረገችውን ለእሱም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም ክዳኗን ከፍቶ እንቁላሎቹን በጣቱ ጀርባ ነካ አደረጋቸው። «ጨርሰው አልቀዘቀዙም። እነዚህ ወፎች ግን ዛሬ አይመለሱም።»

ይህን ጊዜ የእሜቴ ወፎች መዝፈን ጀመሩ። አናጢው ጆሮውን አቀና። «ሁለቱም ናቸው እንዴ የሚዘፍኑት?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«አይ የኔ ልጅ! ከእነዚህ ወፎች የሚዘፍነው ወንዱ ብቻ ነው። ለካ ሁለት ወንድ ነው የሰጠሁሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እስከ ምጽአት ብትጠብቂም እንቁላል አታገኚም!»

እሜቴ አቀረቀረች። ያን ሁሉ ጊዜ ያኮረፈችው ወንድሟንና አምላኳን ነበር።

«ግን ደጎች ናቸው» አለ አናጢው። «የሌላ ወፍ እንቁላል ታቅፈው ያሳድጋሉ። እንቁላሉ ግን የድንቡሼ ነው። ፈቃዱን እሱን ጠይቂ።»

ሁሉም ወደ ድንቡሼ ዞሩ። አፍንጫውን ሳበና እህቱን አያት። «ደግመሽ ታንኳኪያለሽ?»

«አላንኳኳም» አለች በሹክሹክታ። «ይቅር በለኝ።»

«እንግዲያው ይግቡ።»

አናጢው እንቁላሎቹን በማንኪያ እያነሳ ወደ እሜቴ ወፎች ጎጆ አገባቸው። ሁሉም ከክፍሉ ወጡ። ከበሩ ኋላ ሆነው አዳመጡ። ዘፈኑ ቆመ። በስንጥቁ ሲያዩ ከጎጆዋ ቀዳዳ አንዲት ትንሽ ጭራ ብቅ ብላ ነበር። ታቅፈዋል!

ድንቡሼ ግን ቶሎ አልሳቀላትም። የእሱ ልብ ከእንቁላሉም ይልቅ ለመሞቅ ጊዜ ወሰደ። እሜቴም አላጉረመረመችም። በጎጆዋ አጠገብ በእግሯ ጣት ብቻ ተራመደች። ድንቡሼ የወፎቹን ውሃ ሲረሳ ሞላችለት፤ «ሞላሁልህ» ግን አላለችውም።

አንድ ቀን ከራት በኋላ ከጎጆዋ ውስጥ እንደ ትንሽ መጋዝ ጫር ጫር የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ተፈለፈሉ!» ብሎ ድንቡሼ ዘለለ።

«ታዲያ አሁን የማን ናቸው?» አለች እናታቸው።

ድንቡሼ አሰበበት። «ጫጩቶቹ የኔ ናቸው። የሷዎቹ ሞግዚቶች ናቸው።»

እሜቴ ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ከልቧ። ድንቡሼም እሷን አይቶ ሳቀ። ከታች ጠርተውት የመጣው አናጢ ክዳኗን አንድ ጊዜ በቀስታ ከፍቶ ማየት እንደሚቻል ነገራቸውና «ነገ፣ በብርሃን» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት እሜቴ ከሁሉም ቀድማ ነቃች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። እጇ ወደ ክዳኗ ሊሄድ ፈለገ። ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ አጣመረቻቸውና ወደ ወንድሟ አልጋ ሄደች።

«ድንቡሼ፣ ተነስ» አለችው። «መጀመሪያ አንተ እይ።»

በርጩማ አመጣችለት። ሲወጣበት እንዳይወድቅ ያዘችለት፤ እሱ እስኪጠራትም ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጆች፣ ቅናት የወንድምን ጎጆ ያቀዘቅዛል እንጂ የእኛን አያሞቅም።