የእትዬ ቢሮ መብራት

ፈጥሬ የማወራ እንዳይመስላችሁ። በዓይኔ ያየሁት ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ... ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት ተዘግቶ።

የግቢው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ሴንሰር ገጥመናል። ካሜራ አይደለም፤ የማንንም መልክ አያይም። የሰውነት ሙቀት ብቻ ይቆጥራል። ሰው ከሌለ መብራቱን ያጠፋል።

እትዬን፣ ታላቅ እህቴን፣ ከቀበርን ወር አልሞላንም። እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ነበር የምትሠራው። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም...

ከዚያ ወዲህ የተቀመጥኩበት ክፍል መብራት ይጠፋብኛል፤ ሴንሰሩ አይቆጥረኝም።

"እጅህን አወዛውዝ እንጂ! በቁምህ ሞተሃል እንዴ?" ይላል አለቃዬ እየሳቀ።

የዚያን ቅዳሜ ሥራችን ቀላል ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ዜሮ ሰው የሚለውን ክፍል ሁሉ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ መዝጋት።

ሁሉም ዜሮ ነው።

የእትዬ ቢሮ ግን... አንድ።

"ሂድ እስቲ እይ፤ ሰው ላይ እንዳንቆልፍ" አለኝ አለቃዬ ከስክሪኑ ሳይነሳ።

ሄድኩ። የኮሪደሩ መብራት አልበራልኝም። ለምጄዋለሁ።

ቢሮዋ በርቷል። ማንም የለም። የእንግዳ ወንበሩ ግድግዳውን ተደግፏል። የእሷን ወንበር ነካሁት...

ይሞቃል።

ለአለቃዬ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ባዶ ነው። ስንት ይላል?"

"አንድ። አንተን ነዋ።"

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። "አሁንስ?"

ስክሪኑን ደጋግሞ ሲነካ ይሰማኛል።

"ጋሼ?"

"አንድ..." በሹክሹክታ። "ውጣ ከዚያ፣ በናትህ።"

"ወጥቻለሁ እኮ። ኮሪደር ላይ ነኝ።"

"ኮሪደሩ ዜሮ ነው..."

አልፈራሁም። መፍራት እንዳለብኝ ግን አውቅ ነበር።

"ላጥፋው?" አለ። "ላጥፋውና እንሂድ!"

እትዬ ጨለማ ነፍሷ አይወድም። ልጆች ሳለን መብራት ከጠፋ እጄን ይዛ ነበር የምትተኛው።

"እንዳታጠፋው!" ጮህኩ። "አደራ ጋሼ፣ እንዳታጠፋባት!"

በሩን መልሼ ከፈትኩት።

የእንግዳ ወንበሩ ግድግዳው ጋ የለም። ከእሷ ወንበር አጠገብ ተስቦ ተቀምጧል።

ሄጄ ተቀመጥኩበት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ... በዚያ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያው።

"ጋሼ... አሁንስ?"

"ሁለት።"