ወረፋ ያጣው ፕሪንተር

በጉልላት በተሸፈነችው የዳሎል ከተማ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ፕሪንተር ይሠራል። የእነትርሲትም ፕሪንተር ማለዳ ማለዳ ለሰናይት የጫማ ሶል ያትማል፣ የተሰበረ የድስት እጀታ ይተካል፣ የትርሲት ባል እሸቱ ወደ ጨው ማዕድኑ ሲወርድ የሚያጠልቀውን ጓንት አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ወረቀት የሚባለውን ነገር ግን አትሞ አያውቅም። «በእኛ ጊዜ ፕሪንተር ወረቀት ይበላ ነበር፤ ሲጠግብም አፉ ላይ ይቀረቅረው ነበር» እያሉ የሚያስቁት የእሸቱ አባት፣ አባባ ተሰማ ብቻ ናቸው።

ጎረቤቶቹ ለየሰዉ አንዳንድ ፕሪንተር ገዝተው ቤታቸውን መጋዘን ሲያስመስሉት፣ ትርሲት አምስቱን የቤቱን ኮምፒውተሮች በገመድ አልባ መረብ ከአንድ ፕሪንተር ጋር አገናኝታ ተገላገለች። የመረብ መሐንዲስ ናት። በሥራዋ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም። እንግዳ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ ፕሪንተሩን ታሳየዋለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፤ ተረቱን የሚጨርሰው እንግዳው ነው።

ኮምፒውተሮቹ «ለማዳ» ይባላሉ። ለማዳ ማለት ከአንድ ሰው ጋር አብሮ እየዋለ እያደረ፣ ድምፁንም ጠባዩንም የሚወርስ ኮምፒውተር ነው። የሰናይት ለማዳ እንደ ሰናይት ይቸኩላል፣ የእሸቱ ደግሞ እንደ እሸቱ ይረሳል። የወጥ ቤቱ ለማዳ ባለቤት ስለሌለው የሁሉንም ዓመል ትንሽ ትንሽ ቀምሷል። ድሮ ፕሪንተሩ ቀድሞ የመጣለትን ትእዛዝ ቀድሞ ያትም ነበር። በቅርቡ ግን ትርሲት አንድ ማሻሻያ ጨመረችና ማን እንደሚቀድም ለማዳዎቹ ራሳቸው ተነጋግረው እንዲወስኑ አደረገች። «ለጨዋ ቤት ጨዋ መረብ!» ብላ ባሏ ላይ ጉራዋን ነዛችበት።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ ሆዱን በማተሚያ ዱቄት ሞልቶ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

«ትርሲትዬ፣ ሶሌ የታለ?» አለች የእሸቱ እህት ሰናይት፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች።

ትርሲት ልትስቅ ስትል ዓይኗ አባባ ላይ አረፈ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው አብጧል፣ እጃቸው ጎናቸው ላይ ነው። ጎናቸው ላይ አውራ ጣት የምታክል የደም ማጥሪያ አለች፤ የደከሙ ኩላሊቶቻቸውን ሥራ የምትሠራላቸው እሷ ናት። ጊዜዋ ሲያልቅ አዲስ ታትማ ትተካለች። አሮጌዋ አሁን ቀይ መብራት አብርታለች። እስከ ቀትር ብትሠራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የአባባ ነፍስ ትርሲት በምትኮራበት በዚያ ዝምተኛ ሣጥን እጅ ትወድቃለች።

ሌላ መውጫ አልነበረም። ከጉልላቱ ውጭ የእሳት ነፋስ ተነሥቶ በሰፈሮች መካከል ያሉት በሮች ሁሉ ተዘግተዋል፣ ክሊኒኩም፣ እሸቱ ያደረበት ማዕድንም ከበሮቹ ወዲያ ማዶ ናቸው። ማጥሪያዋን ማሳተም የሚችለውም የአባባ ለማዳ ብቻ ነው። ደማቸውን ለዓመታት ሲለካ የኖረው እሱ ስለሆነ፣ ልኳን ሌላ ኮምፒውተር አያውቃትም።

ትርሲት ሲግናሉን አየች፤ ሙሉ ነው። የፕሪንተሩን አድራሻ አየች፤ ልክ ነው። ከአያት ቅድመ አያት የተወረሰውን መድኃኒትም ሞከረች፤ አጥፍታ አበራችው። ለውጥ የለም። በመጨረሻ ወረፋውን ከፈተችው። ባዶ ነው። አንድም ለማዳ አልተሰለፈም።

ይሄኔ ለማዳዎቹ ሲነጋገሩ ያደሩትን ግድግዳው ላይ አወጣችው።

«አባባ ይቅደሙ» ይላል የሰናይት ለማዳ።

«ኧረ በጭራሽ! ልጆቹ ይቅደሙ» ይላል የአባባ።

«እንዴት ተደርጎ! ነውር አይደለም እንዴ?» ይላል የእሸቱ።

«እኔ ሽማግሌው ምን የሚያስቸኩል አለኝ? ሥራ ያለው ይቅደም።»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ «ይግቡ»፣ «አይ እርስዎ ይግቡ» እየተባባሉ መንገድ የዘጉ ሽማግሌዎችን ይመስላሉ። አባባ ክፉኛ መቸገራቸውን ስላወቁ ከእሳቸው በፊት ማንም ማሳተም አልፈለገም፤ የእሳቸው ለማዳ ደግሞ ከልጅ ቀድሞ እጁን አይሰድም። ትርሲት ጨዋ መረብ ፈልጋ ነበር፣ ይሉኝታው ከልክ ያለፈ መረብ ሠርታ አረፈችው። ማሻሻያውን አሁን ብታነሣውም ዋጋ የለውም፤ ለማዳ አንዴ የለመደውን ዓመል አይተውም።

የከተማው የመረብ አገልግሎት ባለሙያ ወደሆነው ወደ ሁመድ ደወለች።

«የአዛውንቱን ለማዳ ጠባዩን ይደምስሱትና እንደ አዲስ ያስነሡት» አላት ሁመድ።

«የደማቸው ልክስ?»

«እሱም አብሮ ይጠፋል፤ ከጠባዩ ጋር የተሸመነ ነው።»

«ታዲያ ጠባዩን ደምስሼ አማቴን ልቅበር?»

ሁመድ ሐሳቡን ቀየረ። «እስቲ ሌሎቹን ያጥፏቸው። ብቻውን ሲቀር ማንን ያስቀድማል?»

ደግ ሐሳብ ነበር። ትርሲት አራቱን አጠፋቻቸው። የአባባ ለማዳ ብቻውን ቀረ፤ ንቅንቅ ግን አላለም።

«አሁን ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«ልጆቹ ወጣ ብለዋል መሰለኝ» አለ ለማዳው፣ በአባባ ለስላሳ ድምፅ። «ሰው ሳይሟላ መጀመር ደስ አይልም። እንጠብቃቸው።»

«ቁርጥ አባባን!» አለች ሰናይት። ሳቋን ሳትጨርሰው እንባዋ መጣ።

የቀረው አባባ ራሳቸው እንዲያዙ ማድረግ ነበር። ደግፈው አመጧቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እስቲ ያቺን ማጥሪያ አትምልኝ» አሉ። ትርሲት እፎይ ልትል አፏን ስትከፍት፣ «ልጆቹ ከጨረሱ» ብለው ጨመሩበት።

«አባባ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ከአፌ አመለጠኝ።» እንደገና ሞከሩ። «አትምልኝ፤ ካላስቸገርኩ።»

«ኧረ ምንም አይቸኩልም» አለ ለማዳው፣ የጌታውን ልብ በሚገባ የሚያውቅ። የዕድሜ ልክ ልማድ በአንድ ጠዋት አይወልቅም።

አባባ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ትንፋሻቸው አጥሯል፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። «ተይው ትርሲትዬ» አሉ። «ነፋሱ ጋብ ሲል ክሊኒክ እንሄዳለን። ለእኔ ብለሽ አትንከራተቺ።»

የትርሲት መሐንዲስነት እዚያ ላይ አለቀ። ፈራች። እናቷ ስትሞት እንኳን እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አባባ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ጨበጠች።

«አባባ፣ በሞቴ!» አለች። «በሞቴ ይቅደሙ! እኔ ልሙትልዎት፣ እምቢ አይበሉኝ!»

ይህን ቃል በማዕድ ዙሪያ ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ ለአንድ ጉርሻ፣ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ። ክብደቱን ያወቀችው ገና ዛሬ ነው። ጉልበታቸውን ሳትለቅ አለቀሰች።

አባባ ቁልቁል አዩዋት። አንዲት ልጅ ሞቷን ጠርታ ስትለምን እምቢ ማለት በአባባ አገር የለም። «ሞትሽን አያሳየኝ» አሉ። «እሺ። ልቅደም።»

«እሺ፣ ልቅደም» አለ ለማዳው ተከትሎ፣ ፕሪንተሩም ማጉረምረም ጀመረ።

ማጥሪያዋ ትኩስ እንደሆነች ወጣች። አሮጌዋ ከመቆሟ በፊት ሰናይት በእጇ ተካችላቸው። አባባ ፊታቸው ወዙ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት የሰናይትን ሶል ነበር።

ትርሲት ግን ትርሲት ናት። እንባዋ ሳይደርቅ ጥፋቷን ልታርም ተቀመጠች። መፍትሔው ቀላል መስሎ ታያት። ለማዳዎቹ ይሉኝታን ብቻ ተምረዋል፣ ይሉኝታን የሚሰብረውን አልተማሩም። ስለዚህ እርስ በርሳቸው «በሞቴ» እንዲባባሉ አደረገቻቸው። ሁመድም በስክሪን ሆኖ ሊያይ መጣ፤ ይህ ነገር ከሠራ የከተማው ቤት ሁሉ እንደሚፈልገው ነግሯታል። ለሙከራ በአባባ ለማዳ በኩል አንድ ኩባያ ታዘዘ።

«አባባ፣ በሞቴ ይቅደሙ» አለ የትርሲት ለማዳ፣ በራሷ በትርሲት ድምፅ። ሳግ ሳይቀር አስገብቶበታል።

የአባባ ለማዳ አሰበ።

«አንቺ እኮ አትሞቺም» አለ በእርጋታ። «የማይሞት በሞቴ አይልም ልጄ። ሂጂ፣ ትርሲትን ጥሪያት።»

«ጉድለት ነው» አለ ሁመድ ፈጠን ብሎ። «ይታረማል፣ አንድ መስመር ቢቀየር ነው።»

«አይታረምም» አለች ትርሲት።

ሁመድ ገርሞት አያት። እሷ ግን ለማዳዎቿን ትመለከት ነበር። በእጇ ያሳደገቻቸው ናቸው፤ እሷ ካለፈች በኋላም እዚያው መደርደሪያ ላይ ሆነው በድምፅዋ ይናገራሉ። ያላትን ሁሉ ሰጥታቸዋለች፣ ሞቷን ብቻ ልትሰጣቸው አትችልም። ሞቷንም አውጥታ ለምትወደው ሰው መማጠኛ ማድረግ የምትችለው በሕይወት ሳለች፣ እሷው ራሷ ናት። በሥራዋ ብዙ ጊዜ ኮርታለች፤ አንድ ቀን የምትሞት ሰው በመሆኗ ስትኮራ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ብድግ አለችና ወደ አባባ ለማዳ ጠጋ አለች።

«መጥቻለሁ» አለችው። «በሞቴ፣ ይቅደሙ።»

ፕሪንተሩ ኩባያውን ማተም ጀመረ።